«ልኩ ትክክል ነው እኮ!»

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

አዘጋጆቹ ብረትን በሌዘር ማተም፣ ማለትም የብረት ዱቄትን በሌዘር እያቀለጡ ንብርብር በንብርብር ዕቃ መሥራት፣ ስለሚከፍተው ዕድል እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር። ዕድሉን ከእኔ ይልቅ ሻጮቹ አሳምረው ስለሚናገሩት፣ እኔ ስለ አንድ የተሰበረ መያዣ ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት፣ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ካለበት የቲታኒየም ዱቄት ያተምነው መያዣ ነበር። በካሊፐር፣ በልክ መለኪያው፣ ሲለካ ከሥዕሉ ዝንፍ አላለም። ከኅትመት በኋላ ምድጃ ውስጥ መቆየት ሲገባው፣ ሥራው ያስቸኩላል ተብሎ ይህ ተዘለለ። ጥንካሬ መፈተሻ ማሽኑ ላይ አስረን ጫን ስንለው፣ ጎበጥ እንኳ ሳይል ቀጭ አለ። አለቃችን ስባሪውን አገላብጦ አየና «ልኩ ትክክል ነው እኮ!» አለ።

ስባሪውን ቆርጬ፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ ወልውዬ፣ በአሲድ ነካ ነካ አድርጌ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ንብርብሮቹን እያቋረጡ ከታች ወደ ላይ የሚወጡ ረጃጅም የክሪስታል ዓምዶች፣ በውስጣቸውም እንደ ተበተነ መርፌ የተጠላለፈ ማርቴንሳይት፣ ማለትም ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ጠንካራ ግን ተሰባሪ የክሪስታል ዓይነት፣ አየሁ። ሌዘሩ ያቀለጣት ነጥብ በሰከንድ እስከ ሚሊዮን ዲግሪ በሚደርስ ፍጥነት ስለምትቀዘቅዝ መርፌዎቹ ይፈጠራሉ፤ አዲሱ ንብርብር ደግሞ ከሥሩ ያለውን ክሪስታል ተከትሎ ስለሚያድግ ዓምዶቹ ይረዝማሉ። ማረሻ አግሎ ውኃ ውስጥ የሚነክር ቀጥቃጭ አንዴ የሚያደርገውን፣ ማሽኑ በየነጥቡ ያደርገዋል። ልዩነቱ፣ ቀጥቃጩ መቼ እንደሚነክርና መቼ እንደሚተው ያውቃል፤ እኛ ባለ ዲግሪዎቹ ግን ካሊፐር ይዘን እንፎክራለን!

መርፌዎቹን 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ አየር በሌለበት ምድጃ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ያፈርሳቸዋል። ዓምዶቹ ግን በዚህ ሙቀት ንቅንቅ አይሉም፤ እነሱን መግራት የሚቀለው በኅትመቱ ጊዜ፣ በሌዘሩ ኃይልና ፍጥነት፣ በየንብርብሩ በሚዞረው የጉዞ መስመርና አስቀድሞ በማሞቅ ነው። አንዳንዴም መፍትሔው ዱቄቱ ላይ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የኤችአርኤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች፣ ሲታተም ይሰነጠቅ የነበረውን 7075 የተባለ የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ዱቄቱን ዚርኮኒየም ባለበት ደቃቅ ብናኝ ሸፍነው፣ ዓምዶቹን በደቃቅና እኩል ቅንጣቶች ተክተው፣ ስንጥቁን አስቀርተውታል።

ስለ ዋጋና ስለ ሥልጠና የጻፍኩትን እዘለዋለሁ፤ ጽሑፉ ይታደላችኋል። ከዛሬ ጀምሮ ግን የታተመ ክፍል መረከቢያ ቅጽ ሲቀርብልኝ፣ ከልኩ ጎን የማይክሮስኮፕ ፎቶግራፉ ካልተያያዘ አልፈርምም።