ጸሎት ባቃተኝ ጊዜ የተሸከሙኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ይህን ክፍል ለመቅዳት ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ነገሩ ገና ከውስጤ አልወጣም። ግን ከእናንተ መካከል አሁን እዚያው መንገድ ላይ ያላችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ስለዚህ ልናገር።

አባቴ ታመመ። ጸለይን፣ ጾምን፣ ሌሊት እየተነሣን አለቀስን። እኔ እንደሚድን ቅንጣት አልጠራጠርም ነበር። አልዳነም።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እግዚአብሔርን አልካድኩም። ጸሎት ግን እምቢ አለኝ። እንበረከካለሁ፣ "ጌታ ሆይ" እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ጉባኤው ሲዘምር እኔ ቆሜ አዳምጣለሁ፣ አፌ አይከፈትም። እንዲህ እያልኩ ወራት አለፉ።

ከሐዘኑ ይልቅ የከበደኝ ደግሞ ራሴን መክሰሴ ነበር። "እምነትህ ትንሽ ጠንከር ቢል ኖሮ..." የሚል ሐሳብ አያስተኛኝም። በአፉ የነገረኝ ሰውም ነበር። ክፉ አስቦ አይደለም፣ አልቀየምኩትም። ግን ስህተት ነው፣ ስህተት መሆኑንም ዛሬ ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የኢዮብ ወዳጆች ሊያጽናኑት መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ካደረጉት ሁሉ መልካሙ ይሄ ይመስለኛል። ነገር የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። እባካችሁ፣ ሰው የሞተበት ሰው ጋ ስትሄዱ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መዝሙረ ዳዊትን ገለጥኩ። መዝሙር 88 ላይ ደረስኩ፣ በአንዳንዱ መጽሐፍ 87 ተብሎ የሚቆጠረው ማለት ነው። ስንት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አብዛኞቹ የለቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ይፈካሉ። ለምሳሌ መዝሙር 13 "እስከ መቼ" እያለ ይጀምርና 6 ቁጥር ሳይሞላ ወደ ዝማሬ ይመለሳል። ይሄኛው አይፈካም። 18 ቁጥር ሙሉ እየጮኸ ይሄዳል፣ በዕብራይስጡም የመጨረሻው ቃል "ጨለማ" ነው። በዚያው ያበቃል።

ደጋግሜ አነበብኩት። ይህን ጩኸት የቆሬ ልጆች፣ የቤተ መቅደሱ ዘማሪዎች፣ ይዘምሩት ነበር እኮ! በአምልኮ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት። መዝሙሩን የጻፈው ሰው ድፍረት ተናግሯል ብሎ ከመጽሐፉ ያወጣው የለም። ሰውዬው "ለምን ፊትህን ትሰውርብኛለህ" እያለ እንኳ የሚናገረው ከእግዚአብሔር ጋር ነው። ሲጀምርም "አቤቱ፥ የመድኃኒቴ አምላክ" ብሎ ነው የጠራው። ስሙን አልተወም። ያን ሌሊት የራሴ ቃል ስላልነበረኝ የእሱን ቃል ተዋስኩ። ከብዙ ወራት በኋላ የጸለይኩት የመጀመሪያ ጸሎት እሱ ነው።

አንድ ወዳጅም ነበረኝ። ስሙን አልጠራም፣ እሱም አይወድም። በየማታው ይደውላል። "እንዴት ነህ?" ብሎ እንኳ አያስጨንቀኝም። አንድ ምዕራፍ ያነባል፣ ባጭሩ ይጸልያል፣ "ደህና እደር" ይላል። ከእኔ የሚጠበቀው "አሜን" ማለት ብቻ ነው። እሱም የሚያቅተኝ ቀን ነበር።

በኋላ ማርቆስ ምዕራፍ 2ን ሳነብ ያ ወዳጄ ትዝ አለኝ። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ይመጣሉ፣ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ መግቢያ ሲያጡ ጣራውን ነድለው ያወርዱታል። እና ወንጌሉ ምን ይላል? "ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ" ይላል። "እምነቱን" አላለም፣ "እምነታቸውን" ነው ያለው። ሽባው ያን ቀን በልቡ ምን እንደነበረ አልተጻፈልንም። ምናልባት ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ ምናልባት "ተዉኝ" ብሏቸው ነበር። ብቻ አልጋው ላይ ነበረ፣ ሌሎቹም አልለቀቁትም። እምነት ሁልጊዜ በራሴ ጉልበት የምቆምበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዳንድ ጊዜ ተሸክመውት የሚገቡት ሰውም አለ።

ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ "አትዘኑ" አላለም። ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ነው ያለው። ስለዚህ አዝናለሁ። የትንሣኤው ተስፋ እንባዬን አላደረቀውም። ግን አባቴን እንደገና እንደማየው አምናለሁ፣ ይህን ስናገርም ድምፄ ይቆራረጣል፣ ይቅርታ።

ጸሎት እንዴት ተመለሰልኝ ለምትሉኝ፣ ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። አንድ ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ሳላስበው "ጌታ ሆይ፣ አባቴ ናፈቀኝ" አልኩ። የራሴ ቃል ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን እኔም በየማታው የምደውልለት ሰው አለ። ምን እንደደረሰበት የእሱ ጉዳይ ነው። አንድ ምዕራፍ አነብለታለሁ፣ ባጭሩ እጸልያለሁ። ትናንት ማታ "አሜን" አላለም። ስልኩን ግን አልዘጋውም፣ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ዛሬም በዚያው ሰዓት እደውላለሁ።