ነገ ይሻላታል

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሌሊት ነው፣ ልጄ በሚቀጥለው ክፍል ተኝታለች።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር። «እማዬ፣ ምራቄን ስውጥ ያመኛል» አለችኝ። ግንባሯን ስዳስሰው ያቃጥላል። ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ይዣት ወጣሁ። ሐኪሙ አፏን አስከፍቶ በባትሪ አየ፣ አንገቷን ዳሰሰ፣ የ10 ቀን አሞክሳሲሊን አዘዘላት። መድኃኒት ቤቱ እዚያው ሕንፃ ሥር ነው። ቤት ስንደርስ ገና አልጨለመም ነበር። ከዚያ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። ባለቤቴ ግራ ገብቶት «ቶንሲል እኮ ነው» አለኝ። አዎ፣ ቶንሲል ነው። የእህቴም ቶንሲል ነበር።

ያደግነው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ሰባት ነበርን። ቀን ተጠቅልሎ ጥግ የሚቆመው ፍራሽ ማታ ይነጠፋል፤ አራት ልጆች እላዩ ላይ ጎን ለጎን እንተኛለን። አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። አንዱ ሲያስል ትንፋሹ የሌላው ፊት ላይ ነው። እናታችን በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችን። ክፍያዋ የዕለት ነበር፤ ያልሠራችበት ቀን ዳቦ የማይገዛበት ቀን ነው።

እህቴ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታመመች። እናቴ ጨው በሞቀ ውሃ በጥብጣ አስጉመጠመጠቻት፣ ዳማከሴ ጨምቃ አሸተተቻት፣ በነጠላዋ ጠቀለለቻት። «ነገ ይሻላታል» አለች። በአራተኛው ቀን እውነትም ተሻላት፣ ትምህርት ቤትም ሄደች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷን ያዛት፣ ከዚያ ክርኗን። ጎረቤቶች «ብርድ መትቷት ነው» አሉ፤ በቅቤ አሹአት። ያም አለፈ። ሁሉም ነገር የሚያልፍ ይመስል ነበር።

ይህ በሽታ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተህዋስ አለ። ሰውነት ይዋጋዋል፣ ያሸንፈዋልም። ነገር ግን በአንዳንድ ልጆች ላይ ያ ጦር ጠላቱን ከጨረሰ በኋላ ፊቱን ወደ ራሱ ቤት ያዞራል፤ መገጣጠሚያን ይመታል፣ ልብን ይመታል። ሐኪሞች «መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል» ሲሉ የቆዩት ለዚህ ነው። ጉልበት ይድናል፤ የልብ በሮች፣ ቫልቮቹ፣ ጠባሳ ይይዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ጉሮሮው በታመመ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ ግን መከላከል ይቻላል። 9 ቀን። እናቴ ያንን ጊዜ ያሳለፈችው በተስፋ ነው።

እባካችሁ እናቴን አትውቀሱብኝ። ሒሳቧን እኔ ዛሬ ቁጭ ብዬ ደግሜ አስልቼዋለሁ። ለካርድ፣ ለታክሲ፣ ለመድኃኒት የሚከፈል ገንዘብ አለ። የነጻ ሕክምና ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ መሰለፍ፣ ድህነትን የሚመሰክሩ ሰዎችን ይዞ መቅረብ፣ «ሊቀመንበሩ ዛሬ የለም፣ ነገ ተመለሺ» መባል አለ። የሚጠፋው የሥራ ቀን አለ፤ ከአንድም በላይ። በሌላው ወገን ደግሞ በአራት ቀን ራሱን ችሎ የሚድን የጉሮሮ ሕመም። ማንም ሰው በእሷ ቦታ ሆኖ ቢያሰላ የሚያገኘው መልስ ያው ነው፤ ከመቶ ጊዜ ዘጠና ዘጠኙም ትክክል ይሆንላታል። እናቴ የተሳሳተችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ በልጄ ላይ በየወሩ እሳሳታለሁ፤ ክትባት የማስታውሰው ዘግይቼ ነው፣ ትኩሳቷን አንዳንዴ አቃልለዋለሁ፤ ስህተቴን ግን ደመወዜ ይሸፍንልኛል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ጸጥ ያሉ ነበሩ። እህቴ በሒሳብ ከእኔ ትበልጥ ነበር፤ በሦስት ዓመት ታላቋ ሆኜ የቤት ሥራዬን የምታርምልኝ እሷ ናት። ነገር ግን ጄሪካን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ መንገድ ላይ ታርፍ ጀመር። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ስትቀመጥ መምህሩ «ሰነፍ» አላት። እኛም ቤት ውስጥ ሰነፍ አልናት። እኔም ብያታለሁ፤ ይህን ስናገር ዛሬም አፌ ይመረኛል።

በ13 ዓመቷ ሌሊት ተኝታ መተንፈስ አቃታት። ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተሩ ደረቷን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፣ የልብ አልትራሳውንድ አሳያት፣ ከዚያም ወደ እናቴ ዞሮ «እናቴ፣ ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን ታምማ ታውቃለች?» ሲል ጠየቃት። እናቴ ብዙ አሰበች። «ጉሮሮውን ያልታመመ ልጅ አለ እንዴ፣ ዶክተር?» አለችው።

ከዚያ መርፌው መጣ፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት። አዲስ የጉሮሮ ሕመም መጥቶ የተጎዳውን ልብ እንዳይጨርሰው የሚከላከል ነው። ያመጣል የተባለውን አለርጂ ፈርተው «እኛ መርፌውን አንሰጥም» የሚሉ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ መድኃኒቱ ያለቀበት ወር ነበር፤ ከጠዋት እስከ ቀትር የሚፈጅ ሰልፍ ነበር። እያንዳንዱ መርፌ አንድ የትምህርት ቀን ይበላል፣ አንዳንዴም ሁለት። ዘጠነኛ ክፍልን ደገመች። አሥረኛን አልጨረሰችም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት ዓመት እሷ የቀዶ ሕክምና ወረፋ የምትጠብቅበት ዓመት ነበር። ያው እናት፣ ያው ፍራሽ፣ ያው ትንፋሽ። እኔን የለየኝ ብርታቴ አይደለም። የትምህርት ማስረጃዬን ግድግዳ ላይ መስቀል ያልቻልሁት ለዚህ ነው።

ፔኒሲሊን ሳይመጣ በፊት እንኳን፣ እንደ ዴንማርክ ባሉ አገሮች ይህ በሽታ መቀነስ ጀምሮ ነበር። ምክንያቱ መድኃኒት ሳይሆን የተሻለ ኑሮ ነው፤ ቤት ሰፋ፣ በአንድ ክፍል የሚተኛው ሰው ቁጥር አነሰ። ይህን ያነበብሁ ቀን መጽሐፉን አስቀምጬ ፍራሻችንን አሰብሁ። ዛሬም በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታ የሚያመጣውን የልብ ሕመም ይዞ ይኖራል፤ አብዛኛው ያለው በድሃ አገሮችና በሀብታም አገሮች ውስጥ ባሉ የድሃ ሰፈሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት ተሰብስበው በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት ሰነድ አዘጋጁ፤ በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ውሳኔ አሳለፈ። በእኛ አገር የሕጻናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃ ድርጅትን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ዕድል የቀናው ልጅ ወደ ውጭ አገር ይላካል፣ ያልቀናው ይቀራል። ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ሆኖም የልብ ቀዶ ሕክምና በጥቂት ቀን የጉሮሮ መድኃኒት ሊቀር ይችል የነበረን ጉዳት የሚጠግን ነው፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለ ልጆች ዕድል ስንነጋገር ትምህርት ቤት እንቆጥራለን፣ መምህር እንቆጥራለን፣ ፈተና ያለፈውን እንቆጥራለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 37 በመቶው ቀንጭረዋል፤ እነዚህ ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት ከሰውነታቸው የተቀነሰ ነገር አለ። መቀንጨርን ቢያንስ በሜትር እንለካዋለን። በአንድ ፍራሽ ላይ ስንት ልጅ እንደሚተኛ የሚቆጥር ማን ነው? የጉሮሮ ሕመም ያለበትን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ መምህር፣ ፔኒሲሊን ሁልጊዜ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ለማውጣት ሳንቲም የማያስቆጥር አሠራር ያስፈልገናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለብዙ እናቶች ይህን ሦስተኛውን ማቃለል ጀምሯል፤ እናቴ ያኔ ይህ የመድን ደብተር ቢኖራት ኖሮ ያን ቀን ሒሳብ አትሠራም ነበር።

እህቴ ዛሬ በሕይወት አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልቧ ውስጥ የብረት ቫልቭ አለ። ደሟን የሚያቀጥን ዋርፋሪን ዕድሜዋን ሙሉ ትወስዳለች፤ መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ ልጅ መውለድ ለእሷ ከባድ ውሳኔ ሆኖባታል። አልፎ አልፎ እኔ ዘንድ ታድራለች፤ አጠገቧ ስተኛ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ቫልቩ እንደ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል። ልጄ «አክስቴ ውስጥ ሰዓት አለ» ትላለች።

ያን ማታ ስለ ልጄ ጉሮሮ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «መድኃኒቱ የስንት ቀን ነው?» አለችኝ። 10 ቀን አልኋት። «ሲሻላት እንዳታቋርጪባት» አለች። ከዚያ ወዲህ በየማታው ትደውላለች፤ ሰላም እንኳን ሳትለኝ ቀኑን ትቆጥራለች። ዛሬ ደውላ «ሰባት» አለችኝ።