ደመናው ሳይቀድመን

ሄለን፦ እሺ፣ ዛሬ ሬዩኒየን ነን። ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ ያለችው የፈረንሳይ ደሴት። ዳዊት ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

ዳዊት፦ ኧረ ተይኝ! መጀመሪያ እኮ ተናድጄ ነበር። አስጎብኚው እሳተ ገሞራውን ሊያሳየን ከሌሊቱ 10 ሰዓት በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ለእረፍት ሄጄ በሌሊት ልነሳ?

ሄለን፦ ምን አስቸኮለው?

ዳዊት፦ ደመና። ፀሐይ ስትበረታ እርጥቡ የባሕር አየር ተራራውን ይዞ ይወጣል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። ረፋድ ላይ እሳተ ገሞራው ብዙ ጊዜ አይታይም። ቁርሱን አጣጥሞ የወጣ ሰው ጉም አይቶ ይመለሳል።

ሄለን፦ እናንተስ?

ዳዊት፦ ደረስንበት። ከሴን ፒዬር ተነስተን ሽቅብ ወጣን። ላም የሚግጥበት ለምለም መስክ ነበር። አንድ መታጠፊያ ላይ አረንጓዴው ድንገት አለቀ። ከሥራችን ፕሌን ደ ሳብል፤ ቀይና ጥቁር ሜዳ፣ ዛፍ የሚባል የለም። እሱን አቋርጠን ፓ ደ ቤልኮምብ የሚባለው ማያ ቦታ ደረስን። 2,311 ሜትር ነው፤ ብርዱ አይጣል! ፊት ለፊት እሳተ ገሞራው፣ ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ፣ 2,632 ሜትር።

ሄለን፦ እሳት አያችሁ?

ዳዊት፦ አላየንም። በዓለም ላይ ቶሎ ቶሎ ከሚፈነዱት አንዱ ነው፤ ያን ቀን ግን ጸጥ ብሏል። ስንወርድ ሽቅብ የሚመጡ መኪኖች ገጠሙን። ደመናው አብሯቸው እየወጣ ነበር። አሳዘኑኝ።

ሄለን፦ ከዚያ በምሥራቅ በኩል ወረዳችሁ።

ዳዊት፦ አዎ፣ ፒቶን ሴንት ሮዝ የሚባል መንደር። በፈረንጆቹ 1977 ላቫው፣ የቀለጠው ድንጋይ ማለት ነው፣ መንደሩ ውስጥ ገብቶ ቤቶች አቃጥሏል። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ ግን ግራና ቀኝ ተከፍሎ አለፈ። ደጃፉ ላይ ትንሽ ገባ እንጂ ሕንጻው ቆሟል። አሁን ስሙ የላቫዋ እመቤታችን ነው።

ሄለን፦ ወይ ጉድ!

ዳዊት፦ እኔን ግን ከሁሉም የያዘኝ ከዚያ በታች ያለው የባሕር ዳር መንገድ ነው። ላቫ ደጋግሞ ቆርጦት ደጋግሞ ተሠርቷል። በየፍሰቱ ጎን ዓመቱ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። በፈረንጆቹ 2007 የመጣው ባሕር ገብቶ ደሴቲቱ ላይ አዲስ መሬት ጨምሯል። ላቫው ከሥር ሲወጣ ደግሞ ከላይ ያለው ዶሎሚዩ የሚባለው የእሳተ ገሞራው አፍ ደጋፊ አጣና ከ300 ሜትር በላይ ሰመጠ።

ሄለን፦ ሰሌዳ ባይኖርስ ዕድሜው ይታወቃል?

ዳዊት፦ እሱን እኮ ነው አስጎብኚው ያሳየን። ድንጋዩ ላይ መጀመሪያ ግራጫ ሽበት የመሰለ ነገር ይወጣል። ቀጥሎ በየስንጥቁ ፈርን የሚባል ቅጠላማ ተክል ይበቅላል። ቆየት ካለማ ጫካ ሆኗል። ምሥራቁ ዝናብ አይለየውም፣ ቶሎ ይለብሳል።

ሄለን፦ መኪና ተከራይቼ ራሴ ብነዳስ?

ዳዊት፦ ይቻላል። እኔ ብሆን ግን ያን ሁሉ ጥቁር ድንጋይ ብዬ አልፈው ነበር።

ሄለን፦ ደግሞም በሌሊት 10 ሰዓት አትነሳም።

ዳዊት፦ እሱስ አልነሳም።