የእድሩ ጡሩምባ ከጎርፉ ይቅደም

[ምስል፦ ጎህ ሊቀድ ሲል። ጠባብ የሰፈር መንገድ። ከሩቅ ጡሩምባ ይሰማል።]

ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከሰማችሁት እንቅልፋችሁ ብን ብሎ ይጠፋል። "ማን ይሆን?" ትላላችሁ። ጡሩምባ ነፊው ቆም ይልና መልፈፍ ይጀምራል። እገሌ አርፈዋል፤ ቀብራቸው በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ ነው፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።

ፀሐይዋ ሳትሞቅ ድንኳኑ ይተከላል። አግዳሚ ወንበሩ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ሴቶቹ ንፍሮ ይጥዳሉ። ማን ምን እንደሚሠራ ማንም ለማንም አይነግርም። ሁሉም ያውቀዋል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎርፍና ስለ መሬት መንሸራተት ነው። ሰፈር እንዴት ቀድሞ እንደሚዘጋጅ። በእድር የጀመርኩት በምክንያት ነው። ሰው ከሞተ በኋላ እንዲህ የሚፈጥን ሰፈር አለን። ያው ሰፈር፣ ያው ጡሩምባ፣ ነፍስ ሳታልፍ በፊት ቢነሳስ?

[ምስል፦ ድሬዳዋ ከላይ ስትታይ። መሀል ለመሀል ሰፊ አሸዋ።]

ይህች ድሬዳዋ ናት። መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፈው ደቻቱ ነው። በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላ በኩል መጋላ። ደቻቱን ወንዝ እንለዋለን እንጂ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። እንዲህ ያለ ወንዝ ሰውን ያዘናጋል። ትናንት ደረቅ ነበር፣ ዛሬም ደረቅ ነው፣ ነገም እንደዚያው ይመስላል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት፣ ያ አሸዋ በውሃ ሞላ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከቀናት በኋላ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። የዚያ ዓመት ክረምት እንደዚያ ነበር።

ድሬዳዋ ላይ ቀን ቢሆን ኖሮስ? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ቀን ቢሆን ሰው ያያል፣ ይጮኻል፣ ይሮጣል። ሌሊት ግን የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰው አንድ ነገር ነው። ድምፅ።

[ምስል፦ ጠረጴዛ። ሁለት ትሪ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ።]

እስቲ ጎርፍ እንዴት እንደሚወለድ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እንየው። አንደኛው ትሪ ላይ ሳር ከነአፈሩ ቆርጬ አስቀምጫለሁ። ሁለተኛው ላይ ያለው ደረቅ፣ ሲረገጥ የኖረ የግቢ አፈር ነው። ሁለቱንም በአንድ በኩል መጽሐፍ አስደግፌ አዘንብያቸዋለሁ። አሁን አንድ አንድ ብርጭቆ ላፍስስባቸው።

የሳሩን ተመልከቱ። ውሃው ጠፋ። ቆየት ብሎ ከታች ጠብ፣ ጠብ ማለት ይጀምራል። የሚወጣውም ጠራ ያለ ነው። አሁን ደረቁን ተመልከቱ። አፍስሼ ሳልጨርስ ውሃው ጫፍ ደረሰ። መልኩ ሻይ በወተት መስሏል። አፈሩንም ጠርጎ ይዞት ወርዷል።

ደቻቱ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በስተደቡብ በደንገጎ በኩል ያሉት ተራሮች ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋሉ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ደኑም ተመናምኗል። እዚያ ላይ የወረደ ዶፍ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ኮከብ እየታየ፣ ጎርፍ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

የአየር ንብረት ለውጥ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መያዝ ይችላል። ያን ሁሉ የያዘ አየር ሲለቅ ደግሞ በአንዴ ይለቀዋል። "አባቶቻችን እዚህ ኖረዋል፣ ውሃው እስከዚህ ደርሶ አያውቅም" የምንለው ነገር በየዓመቱ እየሳሳ የሄደው ለዚህ ነው።

የውሃ ጉልበት ደግሞ ይናቃል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅን እናንተው አስቡት። ሾፌሮች፣ እባካችሁ፣ "ከደቂቃ በፊት ሌላው አልፏል" ብላችሁ አትግቡ። የደፈረሰ ውሃ ስር መንገዱ ይኑር አይኑር አይታይም።

[ምስል፦ ዳገት ላይ የቆመ ሰው ስልክ ይደውላል።]

ጎርፍ ጊዜ ይሰጣል? ትንሽ፣ ግን ይሰጣል። ላይ ያለው ሰው ሲዘንብበት ታች ያለው ገና ደረቅ ነው። ውሃው ሸለቆውን ተከትሎ ይወርዳል። ስልኩ ወዲያው ይደርሳል። ላይ ያለ አንድ የታመነ ሰው፣ ታች ያለ አንድ የታመነ ሰው፣ በሁለቱም ስልክ ላይ የተመዘገበ ቁጥር። ላይ ያለው "ወንዙ ሞልቶ እየወረደ ነው" ሲል፣ ታች ያለው ጡሩምባውን ያነሳል። በቃ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ ትንበያ ያወጣል። ሬዲዮ ላይ እንሰማዋለን። "በምሥራቅ የአገሪቱ ክፍሎች ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" ይላል። ሥራው ትልቅ ነው። ያን ዓረፍተ ነገር ወደ "እማማ ይነሱ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ እንሂድ" የሚለውጠው ግን የሰፈር ሰው ነው። እኔ እንዳየሁት የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው። ወሬው ወረዳ ይደርሳል፣ ቀበሌ ይደርሳል፣ በር ላይ ግን አይደርስም።

[ምስል፦ የባንግላዴሽ የባሕር ዳርቻ። ድምፅ ማጉያ የያዘች ሴት።]

በር ድረስ ያደረሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 በዛሬዋ ባንግላዴሽ የባሕር አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ የበጎ ፈቃደኞች መረብ ተዘረጋ። ዛሬ ከ70,000 በላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ባንዲራ ይሰቅላሉ። አንድ ባንዲራ ተጠንቀቅ ነው፤ ሲጨመር አደጋው ቀርቧል ማለት ነው። ድምፅ ማጉያ ይዘው በእግር፣ በብስክሌት በየቤቱ ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ ወደ መጠለያ ወጣ። ባንግላዴሽ ውስጥ የሞተው ሰው በአሥሮች የሚቆጠር ነበር።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሌላ አውሎ ነፋስ 140,000 ገደማ ሰው ሲገድል ከወንዶች ይልቅ በጣም ብዙ ሴቶች ሞተዋል። ልጆች ይዘው ቤት ቀሩ። ባል እስኪመጣ ጠበቁ። መጠለያው ውስጥ ለብቻ የሚሆኑበት ቦታ አልነበረም። ይህ ከታየ በኋላ ነው የሴቶች ክፍልና ሴት በጎ ፈቃደኞች የመጡት። ሌላም ነገር አስተዋሉ። ሰው ከብቱን ጥሎ አይወጣም። ስለዚህ ከመጠለያው አጠገብ አፈር ከምረው ለከብቶች ከፍታ ሠሩ።

ይህ ለኛ ገበሬ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር ነው? ላሟ ካልወጣች ባለቤቷም አይወጣም። መውጫውን ስታቅዱ ከብቱ የሚሄድበትን መንገድና የሚያድርበትን ቦታ አብራችሁ አቅዱ። አለበለዚያ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

[ምስል፦ የእድር መዝገብ። አንድ እጅ ገጹን ይገልጣል።]

ወደ ጡሩምባው ልመለስ። የእድር ትልቁ ሀብት ድንኳኑ አይመስለኝም። መዝገቡ ነው። የእያንዳንዱ ቤት ስም አለበት። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ጡሩምባ ነፊው ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን አራስ እንደሆነች ያውቃሉ። ሐረርጌ በኩል እንደ እድር ያለ አፎሻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለ። ሰፈሩ መስጊድ ካለው ድምፅ ማጉያ አለው፤ ቤተ ክርስቲያን ካለው ደወል አለው።

ግን ሁለት የማያስተኙኝ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ድምፁ ራሱ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ማን እንደሞተ ለመስማት ጆሮውን ያቆማል፤ ከዚያ ነጠላውን ይፈልጋል። ጎርፍ ሲመጣ ያ ደቂቃ የለም። ኡኡታ ስንሰማም የምንሮጠው ወደ ጩኸቱ ነው። እንደዚያ ነው ያደግነው፤ እኔም እወደዋለሁ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ኬንቾ ሻቻ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ኮረብታው ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ሰምቶ ሮጠ። በዶማ፣ በአካፋ፣ በባዶ እጅ መቆፈር ጀመሩ። ኮረብታው እንደገና ተናደ። ለማዳን የመጡት ተቀበሩ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ስለ እነዚያ ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ጥፋት አልሠሩም። ማንም ቢሆን የሚያደርገውን ነው ያደረጉት።

ስለዚህ ለአደጋ የተለየ ድምፅ ይኑር፤ ቀድሞም ይለመድ። ለምሳሌ ሦስት አጭር ጡሩምባ፣ ፋታ፣ እንደገና ሦስት። ትርጉሙ "ወደ ከፍታ ውጣ" ብቻ ይሁን። ናዳ ከወረደ በኋላ ደግሞ ሁሉም አይግባ። ጥቂት ሰዎች ይቆፍሩ፤ አንድ ሰው ሥራው ዳገቱን ማየት ብቻ ይሁን። ጠጠር መንከባለል ሲጀምር ይጩህ፤ ሲጮህ ሁሉም ይውጣ። ይህን ከሐዘን መሀል ማስተማር አይቻልም። በደህናው ቀን ነው የሚወሰነው።

ዳገት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይናገራል። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ታያላችሁ። ዛፍና አጥር ይዘማል። በር ያለወትሮው አልዘጋ ይላል። ጠርቶ የኖረ ምንጭ ይደፈርሳል፣ ወይም ካልነበረበት ይፈልቃል። ከእነዚህ አንዱን በዝናብ ወቅት ካያችሁ ሌላ ቦታ እደሩ።

ሁለተኛው የማያስተኛኝ ነገር መዝገቡ ላይ የሌሉት ናቸው። ወር ሳይሞላቸው የገቡ ተከራዮች። ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞች። ወንዝ ዳር ሸራ ወጥረው የሚያድሩ። ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው፤ እድር ግን አይከፍሉም። ለቀብር መዋጮ ይጠየቅ፤ ለማስጠንቀቂያ አይጠየቅ። አንድ ወጣት ደብተር ይዞ ወንዝ ዳር ይውረድ፣ ስንት ሰው እንደሚያድር ይመዝግብ፣ ስማቸውን ይጠይቅ። መስማት ለተሳናቸው ጡሩምባ ምንም አይሠራም። ለእያንዳንዳቸው በር የሚያንኳኳ፣ ገብቶ የሚቀሰቅስ አንድ ጎረቤት በስም ይመደብ።

[ምስል፦ ፌስታል፣ መታወቂያ፣ የክትባት ካርድ፣ ባትሪ።]

እናቴ የቤቱን ወረቀቶች የምታስቀምጠው ፍራሽ ስር ነበር። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ውሃ ሲገባ መጀመሪያ የሚርሰው ዕቃ ነው። አሁን የቤቱ ካርታ፣ መታወቂያዎቹ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድና የደም ግፊት መድኃኒቷ በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥለዋል። ባትሪም አለ። ስትወጣ እጇን ዘርግታ ታነሳዋለች። ሌላ ምንም ለማንሳት እንደማትመለስ ቃል አስገብቻታለሁ።

ከሰኔ በፊት ደግሞ ቦዩን ጥረጉ። ፕላስቲክ የሞላው ቦይ ውሃውን ቤት ውስጥ ነው የሚልከው። ይህን ሁሉም ያውቀዋልና አላስረዝመውም።

ድርቅን ዛሬ አልነካሁትም። ድርቅ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ከብቱ ሳይከሳ መሸጥ፣ መኖ ማከማቸት ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለእርዳታ የተዳረገበትን የኤልኒኞ ድርቅ ይዤ ለብቻው ቪዲዮ እሠራለታለሁ።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት ግቢ። በሩ ክፍት ነው። ሰዓት።]

ለቀጣዩ የእድር ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ አስይዙልኝ። የምትወጡበትን ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ። የግቢው ቁልፍ ሌሊት ማን ጋ እንደሚያድር ጠይቁ፤ ተቆልፎ የሚገኝ መጠለያ ብዙ ነው። ከዚያ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ለሁሉም አስቀድማችሁ ነግራችሁ፣ ሦስቱን ጡሩምባ ንፉና ሰዓት ያዙ። አዛውንቶቹም ይምጡ፣ አራሷም ትምጣ፣ ወንዝ ዳር ያሉትም ይምጡ። የመጨረሻው ሰው ግቢውን ሲረግጥ ስንት ደቂቃ ሆነ? ከየትኛው ሰፈር እንደሆናችሁና ስንት ደቂቃ እንደወሰደባችሁ ከታች ጻፉልኝ። የኛ ሰፈር የመጀመሪያ ቀን 41 ደቂቃ ፈጅቶበታል። በሁለተኛው 26 ሆኗል። የዘገየነው አንድ ሽማግሌ የሚሸከም ሰው ስላልተመደበላቸው ነበር። አሁን ሁለት ልጆች ተመድበውላቸዋል።