ገንዘባችሁ ጎረቤታችሁ ቤት ነው

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የድሮ ሰፈሬ ሰዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬም ፒያሳ ስለተገናኘን ደስ ብሎኛል።

«ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ»ን አሁን አብረን ስላየነው ታሪኩን አልደግምም። ፍራንክ ካፕራ ያዘጋጀው፣ ጄምስ ስቱዋርት የተወነበት፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ ነው። አስተባባሪዎቹ ስለ ሀብትና ደስታ ጥቂት እንድል ጠይቀውኛል። እላለሁ። መጀመሪያ ግን የሚያናድደኝን ነገር ላውጣ።

ይህን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ «አያችሁ፣ ገንዘብ ደስታ አይሆንም» ይላል። እኔ አልስማማም። ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለ ገንዘብ ነው። ለሠራተኛው የቤት መሥሪያ ብድር የሚሰጠው የትንሽ ቁጠባ ማኅበር ኃላፊ ጆርጅ ቤይሊ፣ ራሱን ሊያጠፋ ድልድዩ ላይ የቆመው የማኅበሩ 8,000 ዶላር ጎድሎበት ነው። ከሰማይ የተላከለት መልአክ ሕይወቱን አተረፈለት። ከእስር ያዳነው ግን የጎረቤቶቹ ብር ነው።

ሰዉ ገንዘባችንን አምጣ ብሎ ሲግተለተል ጆርጅ ምን አለ? ገንዘባችሁ እዚህ የለም፣ ጎረቤታችሁ ቤት ውስጥ ነው አለ። ለጫጉላ ጉዞው የያዘውን 2,000 ዶላር አውጥቶ አከፋፈለ። አንዱ 242 ዶላሬን ካልሰጠኸኝ ብሎ ድርቅ አለ። አንዲት እናት ግን 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይበቃኛል አሉ።

እኚያን እናት ሳይ እንባዬ መጣ። እኛም ሰፈር ነበሩና።

የዶሮ ማነቂያ ልጆች ታስታውሳላችሁ። እናቴ የምትጥለው እቁብ ነበር፤ ዳኛው ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ እሁድ ዕጣው ለአንዲት ጠላ ሻጭ ወጣ። ጣሪያዋ ያፈስ ነበር። ክረምቱ ደርሷል፤ ቆርቆሮ ልትገዛ ስንት ወር ጠብቃለች። እዚያው ቡና እየተጠጣ የጎረቤቷ ባል ሆስፒታል መግባቱ ተሰማ። ብር ካልተያዘ አይታከምም ተብሏል። ሴትዮዋ ብሩን ቆጥራ ሳትጨርስ «ዕጣውን ለሷ ለቅቄያለሁ» አለች። ማንም አልለመናትም። ዳኛው ደንግጠው «ጣሪያሽስ?» አሏት። «ባልዲ አለኝ» አለች። ያን ክረምት ባልዲዎቿ አልጋዋ ዙሪያ ተደርድረው በዓይኔ አይቻለሁ። መስከረም ሲጠባ ቆርቆሮውን ተሸክሞ የመጣው ያ ታሞ የነበረው ሰውዬ ነው።

ይህች ሴት ገንዘብ ናቀች? በፍጹም! የሳንቲምን ዋጋ ከማናችንም በላይ ታውቅ ነበር። ለዚያ ነው መስጠቷ ከባድ የሆነው።

ታዲያ በየመድረኩ እየወጡ «ደስታ ያለው ድሀ ቤት ነው» የሚሉን እነማን ናቸው? የሞላላቸው ናቸው። አከራይ በር ቆርቁሮ «ከመጪው ወር ጨምሩ» የማይላቸው ናቸው። የፊልሙ ከተማ ባለጸጋ፣ የጆርጅ ባላንጣ ፖተርም ሠራተኛው ቤት ከማሰቡ በፊት ይቆጥብ፣ ይጠብቅ ይላል። ጆርጅ መልሶ ጠየቀው፦ ምን ይጠብቁ? ልጆቻቸው አድገው ጥለዋቸው እስኪሄዱ? ራሳቸው እስኪያረጁ? ሠራተኛ 5,000 ዶላር ለማጠራቀም ስንት ዘመን እንደሚፈጅበት ታውቃለህ?

እዚህ አዳራሽ ውስጥ በ1997 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገባችሁ አላችሁ። በ2005 ደግሞ 20/80፣ 40/60 ተብሎ ተሰለፋችሁ። ከልጆቻችሁ ጉሮሮ ነጥቃችሁ ቆጠባችሁ። ልጆቹ አድገው ተዳሩ። እናንተን ስለ ትዕግሥት ሊያስተምር የሚደፍር ማነው? ማነው እሱ?

ስለ ፖተር አንድ ነገር ልጨምር። ከጆርጅ ማኅበር የጠፋው 8,000 ዶላር እጁ ሲገባ ይዞት ዝም አለ፤ ፊልሙም አልቀጣውም። ብዙ ሰው በዚህ ይከፋል። እኔ ግን ይህን ወድጄዋለሁ። የከተማው ሰው የፖተርን ቅጣት ሳይጠብቅ መዋጮውን ጀመረ። 

ወደኛ ልምጣ። ሰፈራችን በ2016 ፈረሰ። አንዳችን ቦሌ አራብሳ፣ አንዳችን ገላን ነን። የእድሩ ድንኳንና ወንበር አለ፤ ሰዉ ነው የተበተነው። መዋጮው በቴሌብር ይሁን የተባለውን እደግፋለሁ። ለቅሶ ግን በእግር ነው የሚደረሰው፤ ስለዚህ የትራንስፖርት ነገር ይታሰብበት። እቁቡንም እንደገና እንጀምር። መዝገቡ መውጫው ላይ ነው፤ ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉ። ዳኛ እስካሁን አልተገኘም። ሳንመርጥ አንበተን።

አመሰግናለሁ።