ሁለት ብርጭቆ ዘይት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን የእማዬን የድግስ ጨዋታ ዛሬም አላመጣሁትም። ይቅርታ። ሆዴ ውስጥ የገባ ነገር አለ፤ እሱ ሳይወጣ ሌላው አይወጣልኝም።

የሻሼን፣ የመኪናዬን፣ የሞተር ዘይት ቀየርኩ። አዎ፣ ራሴ። ለምን ጋራዥ እንደማልወስዳት ታውቃላችሁ፤ የጥፍር ቀለሙ ነገር ነው። ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጌ ሰጠኋቸው፣ የአዲስ ፊልትሮ ከፈልኩ፣ ቤት ገብቼ ሳይ ቀይዋ ነጥብ እዚያው ናት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስነካም። እሱን አልደግምባችሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሐምሌ ቢሆንም ሰማዩ ጥርት ብሏል። የፊት ጎማዎቿን ወፍራም ጣውላ ላይ አወጣሁ፣ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ የኋላውን በድንጋይ ደገፍኩ። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አስነሳሁት። ዘይት ሞቅ ሲል ይቀጥናል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ከዚያ አጠፋሁና የ14 ቁልፍ ይዤ ከሥር ገባሁ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ጠብቋል። ክንዴን አደላድዬ ገፋሁት፣ ላላ። የቀረውን በጣቴ ማዞር ጀመርኩ። ሳፋው ከቡሎኑ ሥር ትክክል ተቀምጧል። ግን ዘይት መጀመሪያ ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይወረወራል። አውቃለሁ እኮ! ሦስተኛዬ ነው። ሳፋውን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ማድረግ ብቻ ነበር። አላደረግኩም። ጥቁሩ ዘይት ከሳፋው ጠርዝ አልፎ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ደንግጬ ሳፋውን ስገፋው ደግሞ እሱም ተናወጠ። ግቢያችን ቁልቁል ነው። ዘይቱ መንገዱን የሚያውቅ ይመስል ቀጥ ብሎ ወደ ቦዩ።

ምን ያህል ነው? ሁለት ብርጭቆ ቢሆን ነው። ከሥር እስክወጣ ካፊያ ጀመረ።

እትዬ መጡ። የጉሊቷ እትዬ፣ ቆስጣዬን የምገዛቸው። ማንም አልጠራቸውም። አሮጌ ቆርቆሮ ሙሉ አመድ ይዘዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ተንበረከኩና አመዱን በተኑት። አመዱ መጀመሪያ ግራጫ ነበር፣ ቀስ እያለ ጠቆረ፣ ጭቃ ሆነ። በመጥረጊያ ጠራርገው ሰበሰቡት። እኔ እንደ ሕፃን ቆሜ አያለሁ። ቦዩ የገባው ግን ገብቷል። ውሃው ላይ የማርያም መቀነት ሠርቶ ይሄዳል። ደግሞ ያምራል። እንዴት ያምራል!

«ልጄ፣ ይሄ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ወንዝ ነው እትዬ» አልኩ።

ዝም አሉ። ቆርቆሯቸውን አንስተው ሄዱ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን ዝምታ ስንት ቀን ሙሉ አገላብጠዋለሁ። «ወንዝ ነው» ያልኩበት አነጋገሬ ራሱ... እንደ ፈተና መልስ ነው ያልኩት። ፈጠን ብዬ። ወንዝ መሆኑን ማወቄ ነገሩን የሚያቀል ይመስል።

ደግሞ እኮ አውቃለሁ። የኛ ቦይ ቀበና ወንዝ ይገባል፣ ቀበና ትልቁ አቃቂ፣ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። የኔ ሁለት ብርጭቆ ባሕር ገብቶ የሚጠፋበት የለውም ማለት ነው። እዚሁ ነው። በመሃል ደግሞ በዚያ ውሃ ሰላጣውም፣ ጎመኑም፣ ቆስጣውም ይጠጣል።

ዘይት ስለጠቆረ ብቻ ሞቷል ማለት አይደለም፤ የሞተሩን ጥላሸት ስለሚያጥብም ይጠቁራል። ይሄን ስትጠይቁኝ ነበር። ኪሎ ሜትሩን ነው የምታዩት፤ እኔ በ5,000 እቀይራለሁ። ግን ያ ያጠበው ሁሉ፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ የረገፈውም ጭምር፣ አብሮት ይወጣል። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊያበላሽ ይችላል ይባላል። ሁለት ብርጭቆን በዚያ ማባዛት ጀምሬ ተውኩት።

ብቻ ሥራውን ጨረስኩ። የፊልትሮውን ጎማ አዲስ ዘይት ቀባሁ፣ በእጄ አጠበቅኩ። አሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ አለመቅረቱን በጣቴ ዳስሼ አየሁ፤ እሱን አትርሱ፣ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይቱን በሙሉ ይተፋዋል። ሦስት ሊትር ሞላሁ፣ አስነሳኋት። ድምጿ ልስልስ አለ። ደስ አለኝ! እውነት ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በደስታዬ ተሳቀቅኩ።

በማግስቱ ጉሊት ሄድኩ። እትዬ እንደ ወትሮው ሁለት እስር ቆስጣ ሰጡኝ። ምራቂም ጨመሩልኝ። «ከየት ነው የሚመጣው?» ልላቸው አፌ ላይ ነበር። ስንት ዓመት ስገዛ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ብጠይቅ ዘይት ያፈሰስኩት እኔ ሆኜ እሳቸውን መርማሪ ልሆን ነው። አልጠየቅኩም። ቆስጣው ፍሪጅ ውስጥ ነው። አልሠራሁትም፣ መጣልም አልቻልኩም። ምናልባት አካብጄው ይሆናል። እኔንጃ።

የተረፈው ዘይት ጀሪካን ውስጥ ደጃፌ ላይ ነው። ዘበኛችን ለአጥሩ እንጨት ለምኖኛል፤ ሥሩን ቀብቶት ሲተክለው ምስጥ አይበላውም። ባለፈው የሰጠሁት ለሱ ነው፣ ጥሩ ነገር አደረግኩ ብዬ ነበር። አጥሩ ግን ያለው ወንዙ ዳር ነው። አልሰጥህም ብለው ደግሞ... የት ላደርገው ነው? ነገ ጠዋት ይመጣል። ለእትዬም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ይቅርታ ነው? ወይስ ዝም ብዬ አመድ በቆርቆሮ ልውሰድላቸው... አይ፣ እሱስ...

ቆይ። ዝናቡ ነው? ይሰማችኋል? ጀሪካኑን ከድኜዋለሁ እንዴ...