ለማህፀኔ ብመጣ ክንዴን አስረው መለሱኝ

(ምስል፦ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ጠዋት። ጉም። ከመሃል ሜዳ የመጣ አውቶብስ ይቆማል።)

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አክስቴ ነው። ስሟን አልጠራም፣ ብጠራው ትገድለኛለች። የመንዝ ሴት ናት። መናኸሪያ ልቀበላት ሄጄ ባናዋን ተከናንባ ወረደች። ረዳቱ "እናታችን ወንበር እያላቸው መንገዱን ግማሽ ቆመው መጡ" አለኝ። "ምነው?" ስላት "ወገቤን ነው" አለች።

ወገቧን አልነበረም። ማህፀኗ ወጥቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ልጆቿ እንኳ አያውቁም። ከስር ጨርቅ ደርባ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ እንጨትም ኩበትም ስትሸከም ኖረች።

(ምስል፦ የጠፍር አልጋ። እጅ ጠፍሩን ይጫናል።)

ማህፀንን ከስር ደግፈው የያዙ ጡንቻዎችና ጅማቶች አሉ። እንደ አልጋ ጠፍር ቁጠሯቸው። አዲስ ጠፍር ውጥር ያለ ነው፣ ዓመት ሲቆይ ይረግባል። ብዙ መውለድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ አራስ ቤት ሳይወጡ ጀሪካን ማንሳት፣ የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ እነዚህ ሁሉ ያረግቡታል። ያኔ ማህፀኑ ወደ ታች ይንሸራተታል። አንዳንዴ የሽንት ፊኛውም አብሮ ይወርዳል። ሽንት ያጣድፋል፣ ወይ አልወጣ ይላል።

ገና ጅማሬው ላይ ከሆነ ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይረዳል። ሽንት እንደመያዝ አድርጎ ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ በየቀኑ ደጋግሞ። ሌላው ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት ነው። ውስጥ ይገባና ማህፀኑን ደግፎ ይይዛል። ኦፕራሲዮን ለማትፈልግ ወይም ጤናዋ ለማይፈቅድላት ሴት ጥሩ አማራጭ ነው፣ እየታየ መጽዳትና መቀየር ግን አለበት።

ሦስተኛው ኦፕራሲዮን ነው። ሰው ኦፕራሲዮን ሲባል ሆድ የሚቀደድ ይመስለዋል። ይሄኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በብልት በኩል ነው። ማህፀኑ ተቆርጦ ይወጣል፣ የረገበው የብልት ግድግዳ በክር ይሰፋል። መውለድ ለምትፈልግ ማህፀኑን ሳያወጡ ወደ ላይ ስቦ ማሰርም አለ። ተመልሶ የመውረድ ዕድል ስላለ ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ከዚያ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር መሸከም የለም። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጀሪካኑን ማን ይሙላ? እንጀራውን ማን ይጋግር? ይሄ ጥያቄ ሆስፒታል ከመኬዱ በፊት ቤት ውስጥ ካልተመለሰ፣ የተሰፋው መልሶ ሊረግብ ይችላል።

(ምስል፦ የግፊት መለኪያ፣ በቅርብ።)

የአክስቴ ኦፕራሲዮን ግን በዚያን ቀን አልተሠራም። ሲስተሯ ባናዋን አስወልቃ፣ ሹራቧን አስወልቃ፣ ክንዷ ላይ ጨርቁን አስራ ነፋችው። 190 በ115። ትንሽ አስቀምጣ ደገመች። 188 በ112። ግፊት እዚህ ደርሶ፣ አስቸኳይ ካልሆነ፣ ማንም ሐኪም ቢላ አያነሳም። ክኒን ተሰጥቷት በወሩ እንድትመለስ ተነገራት።

ተናደደች። "ለማህፀኔ ብመጣ ክንዴን አስረው መለሱኝ!"

ይቺ ንግግሯ ናት ይሄን ቪዲዮ ያሠራችኝ። አክስቴ ከዚያ በፊት ለራስ ምታት ሁለቴ አንድ ክሊኒክ ሄዳለች። ሁለቴም ማስታገሻ ተሰጣት፣ ክንዷን የነካ የለም። ማህፀኗ ባይወጣ ኖሮ ግፊቷ መቼ ይታወቅ ነበር? አንድ ቀን ጓዳዋ ውስጥ ስትወድቅ።

ግፊት 140 በ90ና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ከተደጋገመ ከፍተኛ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስትሮክን ከሚያመጡ ነገሮች ሁሉ ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። ስትለኩ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ፣ እግር መሬት ነክቶ፣ ክንድ ተራቁቶ ይሁን። በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ማውለቅ እንደማይወደድ አውቃለሁ። ግን በሹራብ ላይ የተለካ ግፊት ያሳስታል። ቡና ጠጥታችሁ ወዲያው አትለኩ፣ እየተለካችሁም አታውሩ።

ማህፀን የሚያስወጣው ሌላው ምክንያት ማዮማ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ አልቆይም። የማህፀን እጢ ነው፣ አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ካላስቸገረ ሳይነካ ይቀመጣል። ደም ካበዛ ወይም ካደገ፣ እጢውን ብቻ ማውጣት አለ፣ ማህፀኑን ጨምሮ ማውጣትም አለ። ለመውለድ ያሰበች ሴት የመጀመሪያውን ትጠይቅ። አንድ ነገር ግን አስምሩበት። ማህፀን ሲወጣ እንቁላል አመንጪዎቹ የግድ አብረው አይወጡም። ያለ በቂ ምክንያት በወጣትነት ሁለቱም እንቁላል አመንጪዎች ከወጡ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። "እንቁላሌስ ይቀራል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

(ምስል፦ ተራኪዋ መስታወት ፊት። ፈገግ ትላለች፣ ሁለት እጇን ታነሳለች።)

አሁን ስትሮክ። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሥር ይደፈናል ወይም ይፈነዳል። በደፈናው "ምች መታት" ይባልና ዳማ ከሴ ታሽቶ ሰዓቱ ያልፋል። ዳማ ከሴን አልጠላም፣ ለጉንፋን እናቴም ታሽልኛለች። ለዚህ ግን አይሆንም።

ስትሮክ ይሆን ብላችሁ የጠረጠራችኋትን ሴት ሦስት ነገር አስደርጓት። ፈገግ በይ በሏት፣ አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ? ሁለት እጅሽን አንሺ በሏት፣ አንዱ ዝሎ ወረደ? ስምሽን ንገሪኝ በሏት፣ አንደበቷ ተያዘ? ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከታየ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሱ። ባንዴ የአንድ ዓይን መጋረድ ወይም ከዚህ በፊት ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታትም እንደዚያው ነው።

ውኃ አታጠጧት፣ ጠላም፣ አጥሚትም። መዋጥ አቅቷት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። አስፕሪንም አትስጧት፣ ምክንያቱም የፈሰሰ ደም ይሁን የተደፈነ ሲቲ ስካን (የአንጎል ምስል) ሳይነሳ አይታወቅም። በጎኗ አስተኟት፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጋር ወይም ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረችው መቼ ነበር? "ጠዋት 2 ሰዓት ቡና ስታፈላ ደህና ነበረች" ማለት ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው የሚሰጠው። በአገራችን በብዙ ሆስፒታል አይገኝም። ቢሆንም ቶሎ የደረሰች ሴት ግፊቷ ይያዛል፣ መተንፈሷ ይጠበቃል። ምልክቱ መጥቶ በደቂቃዎች ቢጠፋም ሂዱ። ቀጥለው ባሉት ሁለት ቀናት የባሰው ሊመጣ ይችላል።

"ይሄ የአሮጊት ነው" የምትሉ ወጣቶች ደግሞ ስሙኝ። ነፍሰ ጡር ከ20 ሳምንት በኋላ፣ አራስም እስከ ስድስት ሳምንት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የላይኛው ሆድ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ግፊቷ ይለካ። ግፊት ያለባት ሴት የምትውጠውን የወሊድ መከላከያ ክኒን ዓይነት ለባለሙያ ትንገር። ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት አይመከርላትም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ይሻላታል። በልጅነቷ ቶንሲል ደጋግሞ ታሟት የልብ ቫልቯ (ደም የሚያሳልፈው የልብ በር) የተጎዳ ደግሞ በ25 ዓመቷም ስትሮክ ሊይዛት ይችላል።

(ምስል፦ የክኒን ብልቃጥ፣ አጠገቡ መቁጠሪያ።)

የኛ አገር ፈተና ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት የጠዋት ክኒኗን ትተዋለች። አክስቴም ትታ ነበር። ሐኪሟን ጠየቅን፣ ማታ እንድትውጥ አደረገላት። በቃ! ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ጸበል ስትሄዱ ክኒናችሁን ያዙ። ጨው ደግሞ ለቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። በርበሬው ውስጥ የገባውንም ቁጠሩት።

አክስቴ በወሩ ተመለሰች። 138 በ84። ኦፕራሲዮኗ ተሠራ። እንጨቱን ልጆቿ ተከፋፈሉት። በሁለተኛው ሳምንት መናኸሪያ ሸኘኋት፣ መሃል ሜዳ ድረስ ተቀምጣ ሄደች። ስትደርስ ደወለች።

"ይሄ የአውቶብስ ወንበር እንዲህ ይቆረቁራል እንዴ?"